ገመድ ሲበጠስ፤ የግላይደር በረራ ሥልጠናና የመነሻ ላይ አደጋዎች አያያዝ

ግላይደር በመባል የሚታወቀው ሞተር አልባ አውሮፕላን በራሱ ኃይል ከመሬት መነሳት አይችልም። ወደ አየር የሚወጣው በሌላ ኃይል ተስቦ ወይም ተጎትቶ በመሆኑ ከበረራው ክፍሎች ሁሉ ከፍተኛ ጥንቃቄ ከሚጠይቁት መካከል አንዱ፣ ገመዱ ተያይዞ መንደርደር ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ያለው የመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ነው።

በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ገመዱ ቢበጠስ፣ የሳቢው ሞተር ኃይሉ ቢደክም ወይም የግላይደሩ ክንፍ ወደ አንድ ወገን ቢያዘነብል አብራሪው ቆም ብሎ ለማሰላሰል የሚያስችለው ጊዜ አይኖረውም። በመሆኑም በዘርፉ የሚሰጠው ሥልጠና ዋነኛ ዓላማ አብራሪው ገና መሬት ላይ ሳለ የወሰነውን እርምጃ ችግሩ በተከሰተበት ቅጽበት እንዲፈጽም ማስቻል ነው።

"ሳይቃጠል በቅጠል" የሚለው የአበው ብሂል የዚህን ሥልጠና መንፈስ በአጭሩ የሚገልጽ ነው ማለት ይቻላል።

የግላይደር በረራ አጀማመር

የግላይደር በረራ ታሪክ ከሞተር አውሮፕላን ታሪክ ይቀድማል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ኦቶ ሊሊየንታል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በራሱ በሠራቸው ግላይደሮች ከኮረብታ ላይ እየተነሳ በርካታ በረራዎችን አድርጓል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1896 በበረራ ላይ እንዳለ ግላይደሩ ፍጥነቱን አጥቶ በመውደቁ ክፉኛ ተጎድቶ በማግስቱ ሕይወቱ አልፏል።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ስምምነት በጀርመን የሞተር አውሮፕላን እንቅስቃሴ ላይ ገደብ በመጣሉ የአገሪቱ ወጣቶች ፊታቸውን ወደ ሞተር አልባ በረራ አዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1920 ቫሰርኩፐ በተባለው ተራራ ላይ የተካሄደው የግላይደር ውድድርም ለስፖርቱ መስፋፋት መሠረት የጣለ ነበር። በብሪታንያ ደግሞ የብሪታንያ ግላይዲንግ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1929 ተመሥርቷል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግላይደሮች የሚነሱት ሰዎች ከኮረብታ አናት ላይ በሚለጥጡት የጎማ ገመድ ነበር። ከጊዜ በኋላ ይህ ዘዴ በአብዛኛው ቀርቶ በዊንች መሳብና በሞተር አውሮፕላን መጎተት ዋነኞቹ የመነሻ ዘዴዎች ሆነዋል። ሁለቱ ዘዴዎች የየራሳቸው አደጋ ስላላቸው ሥልጠናቸውም የተለያየ ነው።

በዊንች መነሳት

በዊንች ዘዴ፣ ከመንደርደሪያው ሌላኛው ጫፍ የቆመ ኃይለኛ ሞተር ገመዱን በትልቅ ማጠንጠኛ ላይ እየጠቀለለ ግላይደሩን ወደ ራሱ ይስባል። ገመዱ ከብረት ወይም ከጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር የሚሠራ ሲሆን፣ ርዝመቱም አብዛኛውን ጊዜ 1 ሺህ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ነው።

ግላይደሩ ከቆመበት ተነስቶ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ፍጥነት ላይ ይደርሳል። ቀጥሎም አፍንጫውን ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ቀና አድርጎ ወደ ላይ ይወጣል። እንደ ገመዱ ርዝመትና እንደ ነፋሱ ሁኔታ ከ300 እስከ 500 ሜትር ከፍታ ላይ ሲደርስም አብራሪው ገመዱን ይለቅቃል። ይህ ሁሉ የሚጠናቀቀው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

የብሪታንያ ግላይዲንግ ማኅበር ባለፉት ዓመታት የደረሱትን የዊንች አደጋዎች መርምሮ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2005 ደህንነቱ የተጠበቀ የዊንች አነሳስ ዘመቻ ጀምሯል። ዘመቻው ትኩረት ያደረገው አብራሪዎችን ለሞትና ለከባድ ጉዳት በሚዳርጉ ጥቂት ስህተቶች ላይ ሲሆን፣ እነዚህም መሬት ላይ በመንደርደር፣ ወደ ሽቅብ ጉዞ በመሸጋገርና ኃይል ሲቋረጥ የሚፈጸሙ ናቸው።

የመጀመሪያው አደጋ የሚመጣው ግላይደሩ ገና ከመሬት ሳይለቅ ነው። በመንደርደር ላይ እያለ አንደኛው ክንፍ ወርዶ ሣር ወይም አፈር ከነካ ግላይደሩ ወደዚያው ወገን ይጠመዘዛል። ዊንቹ በሙሉ ኃይል እየሳበው ስለሆነም ሽቅብ ተነስቶ በክንፉ ጫፍ ላይ ሊገለበጥ ይችላል። ይህ የሚሆነው ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ በመሆኑ ክንፉ መሬት ከነካ በኋላ የሚወሰድ እርምጃ የሚደርስበት ዕድል አነስተኛ ነው።

ለዚህም የተቀመጠው መመሪያ ግልጽ ነው። አብራሪው መንደርደር ሲጀምር ግራ እጁ ቢጫ ቀለም ካለው የገመድ መልቀቂያ ላይ መሆን አለበት። ክንፎቹን አግድም አድርጎ ማቆየት እንዳልቻለ በተረዳ ጊዜም ክንፉ መሬት ከመንካቱ አስቀድሞ ገመዱን ይለቅቃል። የአንድ በረራ መሰናከል ከሚያስከትለው ኪሣራ ጋር ሲነጻጸር ይህ ውሳኔ ዋጋ የሚያስከፍል አይደለም።

ሁለተኛው አደጋ ግላይደሩ ከመሬት እንደለቀቀ በጣም ፈጥኖ አፍንጫውን ወደ ላይ ሲያቀና የሚከሰት ነው። ግላይደሩ በፍጥነት ሲቀና በክንፎቹ ላይ የሚያርፈው ጫና ስለሚጨምር፣ ክንፉ የማንሳት አቅሙን የሚያጣበት ስቶል የተባለው ሁኔታ ከወትሮው በከፍተኛ ፍጥነት ላይ እያሉም ሊከሰት ይችላል። አንደኛው ክንፍ ከሌላው ቀድሞ ስቶል ካደረገ ግላይደሩ በጀርባው ተገልብጦ ይወድቃል፤ በዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ ለማስተካከል የሚበቃ ቦታ የለም።

ስለዚህ ሰልጣኙ ከመሬት እንደተነሳ በቂ ፍጥነት መኖሩንና ፍጥነቱም መጨመሩን እስከሚያረጋግጥ ድረስ በዝግታ ብቻ እንዲወጣ ይማራል። ከዚያም ወደ ሙሉ ሽቅብ ጉዞ የሚሸጋገረው ቢያንስ 5 ሴኮንድ ያህል ወስዶ፣ ለስላሳና ቁጥጥር ባለው አኳኋን ነው።

ገመዱ በሽቅብ ጉዞ ላይ ሲበጠስ

ሦስተኛውና በሥልጠናው ሰፊ ጊዜ የሚሰጠው ጉዳይ በሽቅብ ጉዞ ላይ የገመድ መበጠስ ወይም የዊንቹ ኃይል መቋረጥ ነው። ነገሩ ለምን አስጊ እንደሆነ በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል።

አፍንጫውን 45 ዲግሪ አቅንቶ የሚወጣ ግላይደር የሚስበው ኃይል በድንገት ቢቋረጥበት የመሬት ስበት ብቻውን በየሴኮንዱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ይቀንስበታል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የነበረ የሥልጠና ግላይደር አፍንጫውን እንዳቀና ከቆየ፣ ከሁለት ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ በቀጥተኛ በረራ ስቶል ወደሚያደርግበት ፍጥነት ይወርዳል ማለት ነው።

ስለሆነም የመጀመሪያው እርምጃ ምንጊዜም አንድ ነው፤ መሪውን ወደፊት ገፍቶ የግላይደሩን አፍንጫ ከአድማሱ በታች ማውረድ። የተበጠሰው ገመድ ቅሪት ተንጠልጥሎ ሊሆን ስለሚችልም አብራሪው መልቀቂያውን ደጋግሞ ይስባል።

ብዙ ሰልጣኞች የሚሳሳቱት ግን ከዚህ ቀጥሎ ባለው እርምጃ ነው። አፍንጫው ወርዶ ግላይደሩ መሬቱን ሲያይ ችግሩ የተፈታ ይመስላቸዋል። ሆኖም አፍንጫው ቁልቁል ማየቱ ፍጥነት አለ ማለት አይደለም። ግላይደሩ በዚያች ቅጽበት ለደህንነቱ ከሚያስፈልገው ፍጥነት በታች ሊሆን ይችላል፤ ፍጥነቱን መልሶ ለማግኘትም ጥቂት ሴኮንዶች ያስፈልጉታል።

አብራሪው በእነዚህ ሴኮንዶች ውስጥ ቢያዞር ግላይደሩ እየተሽከረከረ ሊወድቅ ይችላል። የአየር ፍሬኑን ቢከፍትም በኃይል መሬት ላይ ያርፋል። በመሆኑም የፍጥነት መለኪያው ለማረፍ የሚበቃ ፍጥነት መኖሩን እስከሚያሳይ ድረስ ማዞርም ሆነ የአየር ፍሬን መክፈት የተከለከለ ነው።

በሌላ በኩል መሪው ወደፊት ሲገፋ የሚሰማው የመቅለልና ሆድን የማንሳፈፍ ስሜት አዲስ ሰልጣኞችን ሊያስደነግጥ ይችላል። አንዳንዶች ይህን ስሜት ከስቶል ጋር በማምታታት መሪውን ይበልጥ እየገፉ ከዝቅተኛ ከፍታ ላይ ቁልቁል የሚወረወሩበት አጋጣሚ አለ። አሰልጣኞች ሰልጣኙን አስቀድመው በአስተማማኝ ከፍታ ላይ ከስሜቱ ጋር የሚያለማምዱትም ለዚህ ነው።

ፍጥነቱ ከተመለሰ በኋላ የሚቀርበው ጥያቄ የት ይታረፍ የሚለው ነው። ከፊት ለፊት በቂ መንደርደሪያ ካለ ቀጥ ብሎ ማረፍ ቅድሚያ የሚሰጠው ምርጫ ነው። ከፊት ያለው ቦታ የማይበቃ ከሆነ ደግሞ አብራሪው እንደ ከፍታውና እንደ ነፋሱ አቅጣጫ አጠር ያለ ዙር አድርጎ ያርፋል።

የአንዱ ሜዳ ርዝመትና አካባቢ ከሌላው ስለሚለይ፣ ነፋሱም ከቀን ቀን ስለሚለዋወጥ ለሁሉም የሚሠራ አንድ የከፍታ ቁጥር ማስቀመጥ አይቻልም። አብራሪው የዕለቱን ሁኔታ ተመልክቶ ውሳኔውን ለራሱ የሚናገረው ገመዱ ከመያያዙ በፊት ነው።

በሞተር አውሮፕላን ተጎትቶ መነሳት

በሁለተኛው ዘዴ አንድ የሞተር አውሮፕላን ግላይደሩን በረጅም ገመድ አስከትሎ ይነሳል። ጉዞው ከዊንች ይልቅ ዝግ ያለ ቢሆንም ሁለት አውሮፕላኖች በአንድ ገመድ የተሳሰሩ በመሆናቸው የአንዱ ስህተት ለሌላውም ይተርፋል።

በዚህ ዘዴ ገመዱ በዝቅተኛ ከፍታ ላይ ቢበጠስ አብራሪዎችን የሚፈትነው ወደ ተነሱበት ሜዳ የመመለስ ጉጉት ነው። በአሜሪካ የሥልጠና ልማድ 200 ጫማ ወይም 60 ሜትር ገደማ የውሳኔ ከፍታ ተደርጎ ይወሰዳል። ከዚያ በታች ከሆነ አብራሪው በቀጥታ ወይም ጥቂት ብቻ ዞር ብሎ ከፊቱ ባለው የተሻለ ቦታ ላይ ያርፋል። ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ እንደ ሁኔታው ዞሮ መመለስ ይቻላል።

ሰልጣኙ ከፍታ መለኪያው 200 ጫማ ባለፈ ጊዜ ቁጥሩን ጮክ ብሎ እንዲናገር ይደረጋል። ይህም ገመዱ በዚያች ቅጽበት ቢበጠስ ከየትኛው ውሳኔ ወገን እንዳለ አስቀድሞ እንዲያውቅ ይረዳዋል።

ዞሮ የሚመለስ አብራሪ ክንፉን 45 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ፣ ነፋሱ በጎን በኩል የሚመጣ ከሆነ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ያዞራል። በዚህም ነፋሱ ወደ መንደርደሪያው መስመር መልሶ ይገፋዋል። በማዞሪያው ወቅት በቂ ፍጥነት መጠበቅ የግድ ነው።

ሲመለስ ነፋሱ ከኋላው ስለሚሆን መሬቱ ከወትሮው ፈጥኖ ወደ ኋላ ሲሸሽ ያያል። ይህ እይታ ከመጠን በላይ እየፈጠነ እንደሆነ አሳስቦት መሪውን ወደ ኋላ በመሳብ ፍጥነት እንዲቀንስ ሊገፋፋው ይችላል። መታመን ያለበት የፍጥነት መለኪያው እንጂ የመሬቱ እይታ እንዳልሆነ ሥልጠናው አጥብቆ ያሳስባል።

ከገመድ መበጠስ ባሻገር ለጎታቹ አብራሪ የሚያሰጋው የግላይደሩ ከልክ በላይ ከፍ ማለት ነው። ግላይደሩ ከጎታቹ አውሮፕላን በጣም ከፍ ካለ ገመዱ የጎታቹን ጅራት ሽቅብ ይስበዋል። በዚህ ጊዜ የጎታቹ አፍንጫ ወደ መሬት ስለሚዘነበል በዝቅተኛ ከፍታ ላይ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። በመሆኑም ጎታቹን ከእይታው ያጣ የግላይደር አብራሪ ሳይዘገይ ገመዱን መልቀቅ ይጠበቅበታል።

የምልክቶች መምታታት

ሬዲዮ በማይሠራበት ወይም ለመነጋገር ጊዜ በማይኖርበት ሁኔታ ጎታቹ አብራሪ በአውሮፕላኑ እንቅስቃሴ መልእክት ያስተላልፋል። ጎታቹ ክንፎቹን ግራና ቀኝ ካወዛወዘ ትርጉሙ "አሁኑኑ ልቀቅ" ማለት ነው። የጅራቱን መሪ ብቻ ግራና ቀኝ ካንቀሳቀሰ ደግሞ "የአየር ፍሬንህን ተመልከት" ማለቱ ነው።

የሁለተኛው ምልክት መነሻ የአየር ፍሬኑ በሚገባ ሳይቆለፍ የተነሳ ግላይደር ነው። ፍሬኑ ሲከፈት ግላይደሩ ስለሚከብድ ጎታቹ ከፍታ መጨመር ያቅተዋል። መፍትሔው የአየር ፍሬኑን መልሶ መቆለፍ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ምልክቱን ከ"ልቀቅ" ጋር በማምታታት ፍሬኑ እንደተከፈተ በዝቅተኛ ከፍታ ላይ ገመዱን የሚለቅቅ አብራሪ ራሱን ለከፋ አደጋ ያጋልጣል። የመጎተቻውን ኃይል አጥቶ፣ የግላይደሩን የመንሸራተት አቅም የሚያሳጣውን ፍሬን ግን ከፍቶ ይቀራልና። ስለዚህ ሁለቱ ምልክቶች ለይቶ መታወቃቸው በሥልጠናው ወቅት በተደጋጋሚ ይፈተሻል።

የገመዱ ደህንነትና ቅድመ በረራ ፍተሻ

የገመዱ ጥንካሬም ራሱን የቻለ የደህንነት ጉዳይ ነው። ገመዱ ከልክ በላይ ጠንካራ ከሆነ ከመበጠሱ በፊት የግላይደሩን አካል ሊጎዳ ስለሚችል፣ በገመዱ ላይ በተወሰነ ጫና የሚበጠስ መከላከያ ማያያዣ ይደረጋል።

በአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ መሠረት ለመጎተቻ የሚውለው ገመድ መበጠሻ ጥንካሬ ከግላይደሩ ከፍተኛ የተፈቀደ ክብደት 80 በመቶ ማነስ የለበትም፤ ከክብደቱ እጥፍ ከበለጠም በመከላከያ ማያያዣ መገደብ ይኖርበታል። ለምሳሌ 600 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ባለ ሁለት መቀመጫ የሥልጠና ግላይደር ይህ ከ480 እስከ 1 ሺህ 200 ኪሎ ግራም ይሆናል።

በአውሮፓ በስፋት የሚሠራባቸው የቶስት ኩባንያ ማያያዣዎች ደግሞ እንደ ጥንካሬያቸው በቀለም ይለያሉ። ጥቁሩ 1 ሺህ፣ ቡናማው 850፣ ቀዩ 750፣ ሰማያዊው 600፣ ነጩም 500 ዴካኒውተን ይሸከማሉ። አንድ ዴካኒውተን አንድ ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ ከሚያሳርፈው ጫና ጋር የተቀራረበ ነው። የተሳሳተ ቀለም ማያያዝ ያለ ምክንያት መበጠስን ወይም በግላይደሩ ላይ ጉዳትን ሊያስከትል ይችላል።

ከእያንዳንዱ በረራ በፊትም አብራሪው በቃሉ የሚያውቀውን ዝርዝር ተከትሎ ፍተሻ ያደርጋል። መሪዎቹ በነፃነት መንቀሳቀሳቸውን፣ የአብራሪዎቹ ክብደት በተፈቀደው ልክ መሆኑን፣ ቀበቶዎቹ መታሰራቸውን፣ መለኪያዎቹ መሥራታቸውን፣ የኮክፒቱ ክዳን መዘጋቱንና የአየር ፍሬኑ መቆለፉን ያረጋግጣል።

በብሪታንያ በሚሠራበት ዝርዝር የመጨረሻው ነጥብ "ምን ሊያጋጥም ይችላል?" የሚል ነው። አብራሪው የነፋሱን አቅጣጫ፣ በቂ የሚባለውን ፍጥነትና ገመዱ በተለያየ ከፍታ ላይ ቢበጠስ የሚያርፍበትን ቦታ ለራሱ ይናገራል። ፍተሻው ካልተሟላ መነሻው ሊዘገይ ይገባል፤ ሰልፍ ይዘው የሚጠብቁ ሌሎች አብራሪዎች መኖራቸውም ለመቸኮል ምክንያት ሊሆን አይችልም።

የአሰልጣኙ ድርሻ

በአሜሪካ አንድ ሰልጣኝ 14 ዓመት ከሞላው ግላይደር ብቻውን እንዲያበር ሊፈቀድለት ይችላል። ሆኖም ብቻውን ከመነሳቱ አስቀድሞ በሚጠቀምበት የመነሻ ዘዴ ላይ የሚያጋጥሙ አስቸኳይ ሁኔታዎችን ከአሰልጣኝ ጋር መለማመድ አለበት።

ልምምዱ ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ ነው። በመጀመሪያ በአስተማማኝ ከፍታ ላይ አሰልጣኙ ፍጥነት ጨምሮ አፍንጫውን ያቀናና "ገመዱ ተበጠሰ" ይላል፤ ሰልጣኙም አፍንጫውን አውርዶ ፍጥነቱ እስኪመለስ መጠበቅን ይለማመዳል። በኋላ ግን አሰልጣኙ በእውነተኛ መነሻ ላይ ሳያስጠነቅቅ ገመዱን ይለቅቃል።

ይህ ልምምድ ራሱ አደጋ ያዘለ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ሰልጣኙ ደንግጦ ምንም ሳያደርግ ሊቀር ወይም መሪውን በተሳሳተ አቅጣጫ ሊስብ ይችላል። በመሆኑም አሰልጣኙ ገመዱን ከመልቀቁ በፊት ሰልጣኙ ቢሳሳት እንኳ እርሱ ራሱ ሊያድን የሚችልበት ከፍታ፣ ፍጥነትና የማረፊያ ቦታ መኖሩን ማረጋገጥ አለበት፤ እጁንም ከመሪው ማራቅ የለበትም።

የሥልጠናው ውጤት

የብሪታንያው ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ በነበሩት ዓመታት በአገሪቱ በዊንች መነሻ ላይ የሚደርሰው የሞትና የከባድ ጉዳት አደጋ ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር በእጅጉ ቀንሷል። ውጤቱ የተገኘው በአዲስ የመሣሪያ ግኝት ሳይሆን፣ ጥቂት ግልጽ መመሪያዎችን ለአሰልጣኞችና ለአብራሪዎች ደጋግሞ በማስተማር መሆኑ ለሌሎችም ትምህርት የሚሰጥ ነው።

ያለ ሞተር የመብረር ክህሎት ጠቀሜታው በስፖርቱ ብቻ የተወሰነ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1983 ነዳጅ በመጨረሱ ሁለቱም ሞተሮቹ የጠፉበት የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 አውሮፕላን ጊምሊ በተባለ የቀድሞ የጦር ሠፈር መንደርደሪያ ላይ በሰላም ያረፈው የግላይደር በረራ ልምድ በነበራቸው በካፒቴን ቦብ ፒርሰን አማካይነት ነበር።

ለኢትዮጵያውያንም ጉዳዩ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1996 በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 አውሮፕላን ላይ ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጅ አልቆ ሞተሮቹ ከጠፉ በኋላ አውሮፕላኑን ያለ ሞተር ኃይል አንሸራትተው በኮሞሮስ ደሴቶች አቅራቢያ ከባሕር ላይ ለማሳረፍ ተገደዋል። በአውሮፕላኑ ከነበሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሕይወታቸውን ሲያጡ 50ዎቹ ተርፈዋል።

ሞተር ሲጠፋም ሆነ ገመድ ሲበጠስ የሚሠራው ሕግ አንድ ነው፤ አስቀድሞ ፍጥነትን መጠበቅ፣ ቀጥሎ የማረፊያ ቦታን መምረጥ። የግላይደር ሰልጣኝ ይህን ቅደም ተከተል ከመጀመሪያዎቹ በረራዎቹ ጀምሮ ይማረዋል። ገመዱ ሳይበጠስ የሚያልፉት በርካታ በረራዎች እንዳያዘናጉትም በእያንዳንዱ መነሻ ላይ ገመዱ እንደሚበጠስ አድርጎ መዘጋጀት ይኖርበታል።